የጥንት ሰይፎች ያስተማሩኝ የቢላ እጀታ ሥራ

የቢላ እጀታ እሠራለሁ። ስለቱን የሚቀጠቅጠው ሌላ ሰው ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ተስሎ፣ ጭራው ራቁቱን ወጥቶ ነው። ጭራ የምለው ወደ እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የእኔ ነው፤ በስለቱና በእጀታው መሃል የሚገባው መከታ፣ እጅ የሚጨብጠው እንጨት ወይም አጥንት፣ ከጫፍ ላይ የሚቀመጠው ጉልላት።

ዲዛይን ሲጠፋብኝ የምሄደው ወደ ጥንት ሰይፎችና ጩቤዎች ነው። ስለሚያምሩ ብቻ አይደለም። እነዚያ ባለሙያዎች ኤፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ አልነበራቸውም፤ የኤሌክትሪክ ድሪልም አልነበራቸውም። እጀታው ከላላ ደግሞ ባለቤቱ ጉድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም የምታዩት ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሆነ ችግር ፈትቶ የቆየ ነው። ያንን ችግር ሳታውቁ ቅርጹን ብትቀዱት ለቢላችሁ የሚጠቅመው ነገር የለም። ችግሩን ካወቃችሁ ግን ቅርጹን እንዳለ ባትወስዱትም ሐሳቡን ትወስዳላችሁ። እኔ የምሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ፎቶው የሚያሳየው አጽሙን ነው

በሙዚየም ፎቶ ላይ የምታዩት ሰይፍ ብዙ ጊዜ ግማሹ የለም። እንጨት ይበሰብሳል፤ ቀንድና ቆዳም እንደዚያው። የሚቀረው ብረቱ ወይም ነሐሱ ነው። አንዳንድ ጀማሪ ፎቶውን ያይና ያንን ቀጭን ነገር እንዳለ ይሠራዋል። ከዚያ እጁን ይቆርጠዋል፣ ያደነዝዘዋል፣ "የጥንት ሰዎች እጃቸው ምን ዓይነት ነበር?" ይላል። እጃቸው እንደኛው ነበር። የጎደለው በብረቱ ላይ የነበረው እንጨት ነው።

ደስ የሚለው ግን አጽሙን ማንበብ ይቻላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 አካባቢ በአውሮፓና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ተስፋፍቶ የነበረ የነሐስ ሰይፍ አለ። አጥኚዎች "ናውኤ ሁለት" ይሉታል። ጭራው ጠፍጣፋ ነው፤ ዳርና ዳሩ ደግሞ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ከግራና ከቀኝ የሚቀመጡት የእንጨት ወይም የአጥንት ቁራጮች በጠርዞቹ መሃል ይገቡና በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚደፈጠጥ አጭር ሚስማር፣ ይታሰራሉ። ቁራጮቹ ዛሬ የሉም። ሪቬቶቹ ግን በብዙዎቹ ላይ ከነቀዳዳቸው አሉ። የሪቬቱን ርዝመት ስታዩ የጠፋው እጀታ ምን ያህል ወፍራም እንደነበር ይገባችኋል። የጠርዙ ከፍታም ቁራጩ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ንድፉ ተሰጥቷችኋል።

ፎቶ የማገኘው በአብዛኛው ከትልልቅ ሙዚየሞች የመረጃ ቋት ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቋል። ከፎቶው ጎን ርዝመት ይጻፋል፤ ለአንዳንዱ ክብደትም አለ። ርዝመቱን ካወቅሁ የቀረውን በማስመሪያ አወጣዋለሁ። ከዚያ በትክክለኛ መጠኑ አትሜ ካርቶን ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ቆርጬ እጨብጠዋለሁ። በስክሪን ላይ ያየሁት እጀታ እጄ ላይ ሲመጣ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ነው። የሮማውያንን አጭር ሰይፍ፣ ግላዲየስን፣ ውሰዱ። በመከታውና በጉልላቱ መሃል ለእጅ የተተወው ቦታ 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አራት ጣት እንደምንም ይገባበታል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ እጁ ከፊትም ከኋላም ተቆልፎ እንዲቀመጥ።

ፎቶ የማያሳያችሁ አንድ ነገር አለ፤ የጎን ውፍረት። ካታሎግ ላይ ያሉ ምስሎች በአብዛኛው ከፊት የተነሱ ናቸው። ስለዚህ ከጎን የተነሳ ፎቶ ያለውን ዕቃ ምረጡ፤ ባያምርም እንኳ።

ጭራው የሚፈቅደውን ያህል ብቻ

ጀርመናዊው አርኪዮሎጂስት ሃይንሪሽ ሽሊማን በ1876 ግሪክ ውስጥ በማይሴኔ ቆፍሮ ካወጣቸው መቃብሮች ውስጥ ረጃጅም የነሐስ ሰይፎች ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ እጀታቸው በወርቅ የተለበጠ ነው። ስለታቸው ረጅምና ቀጭን፣ አካሄዱ ልብ የሚሰርቅ ነው። ከመካከላቸው ቀደም ባሉት ዓይነቶች ላይ ግን ወደ ጭራቸው ስትመጡ ታዝናላችሁ፤ አጭርና ጠባብ ነው። ያን ሁሉ ርዝመት የተሸከመው በጥቂት ሪቬት የተያዘች ቁራሽ ነሐስ ናት። ከዚያ በኋላ በመጡት ሰይፎች ላይ ጭራው እየሰፋ፣ እየረዘመ፣ ጠርዝ እያወጣ ሄደ። በመጨረሻ የእጀታው ሙሉ ቅርጽ፣ የጉልላቱን መነሻ ጨምሮ፣ ከስለቱ ጋር አንድ ላይ ተቀልጦ የሚወጣ ሆነ።

ይህን ታሪክ የማነሳው በየጊዜው የሚያጋጥመኝ ነገር ስለሆነ ነው። አንድ ሰው አጭር ጭራ ያለው ስለት ያመጣል፤ ከዚያ ትልቅ የናስ ጉልላት ይፈልጋል። አይሆንም እላለሁ። ከባድ ጉልላት የሚቀመጠው እስከ ጫፍ የሚያልፍ ጭራ ላይ ብቻ ነው። በእንጨቱ ጫፍ ላይ በኮላ የተለጠፈ ናስ ቢላው አንድ ቀን መሬት ሲወድቅ ይለያያል። ጉልላት ለሌለው እጀታ እንኳ የተደበቀው ጭራ ቢያንስ የእጀታውን ሁለት ሦስተኛ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። አጭር ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። አንጥረኛው ጭራውን ያስረዝመው፣ ወይም ዲዛይኑ ይቅለል።

ሌላው ስለቱ ወደ ጭራ የሚጠብበት ቦታ ነው። እዚያ ያሉት ሁለት ውስጣዊ ማዕዘኖች ሹል ከሆኑ ብረቱ የሚሰነጠቀው ከእነሱ ጀምሮ ነው። ክብ ሞረድ አንሱና ማዕዘኑን ክብ አድርጉት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መከታው ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም።

ከነሐስ ዘመን መጀመሪያ ጩቤዎች አንድ ነገር ወስጃለሁ። ብዙዎቹ ጭራ የሚባል የላቸውም። እጀታው የሚታሰረው በስለቱ ሰፊ ግርጌ ላይ፣ በግማሽ ክብ በተደረደሩ ሪቬቶች ነው። የእጀታው ፊትም በጨረቃ ቅርጽ ገባ ብሎ የተቆረጠ ነው። መከታ ለሌለው ቢላ ይህ የጨረቃ ቅርጽ ከቀጥተኛ መስመር በጣም ይሻላል። ለዓይን ያምራል፤ አውራ ጣትም መቀመጫ ያገኛል። የምግብ ቢላ ላይ ግን ጉድጓዱ ቆሻሻ ይይዛል። ስለዚህ ለወጥ ቤት ስሠራ ጥልቀቱን ቀንሼ ጠርዙን ወደ ስለቱ አዝልቄ አለሰልሰዋለሁ።

ጉልላት መጀመሪያ ቁልፍ ነው

ስለ ጉልላት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ሚዛንን ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። የግላዲየስን አሠራር ተመልከቱ። ጭራው በመከታው ያልፋል፣ በመጨበጫው ያልፋል፣ በጉልላቱ ያልፋል። ከዚያ ጫፉ በትንሽ የነሐስ ቁልፍ ላይ ተቀጥቅጦ ይደፈጠጣል። ሁሉም ነገር በዚያች በተደፈጠጠች ጫፍ ተጨምቆ ይያዛል። ጉልላቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከእንጨት ነው። ከእንጨት የተሠራ ኳስ ያን ያህል ሚዛን አያመጣም። ዋናው ሥራው ክፍሎቹን መቆለፍና እጅ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ መከልከል ነው።

የቫይኪንግ ዘመን ሰይፎች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። የኖርዌዩ አርኪዮሎጂስት ያን ፒተርሰን በ1919 እነዚህን ሰይፎች በእጀታቸው ቅርጽ ከፋፍሎ በፊደል ሰይሟቸዋል፤ ዛሬም በዚያው ነው የሚጠሩት። በብዙዎቹ ላይ ጉልላቱ ሁለት ክፍል ነው። ታችኛው ጠፍጣፋ ብረት በጭራው ጫፍ ተቀጥቅጦ ይታሰራል። ላይኛው ቆብ በራሱ ሪቬቶች ታችኛው ላይ ይያያዛል። የተቀጠቀጠው ጫፍ ከቆቡ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ይህን አሠራር ለቢላ በጣም እወደዋለሁ። ሸክሙን የሚይዘው ታችኛው ሰሌዳ ነው፤ ቆቡ ነጻ ነው። ከአጥንት ልታደርጉት ትችላላችሁ፣ ልትቀርጹት ትችላላችሁ፣ ቢሰበር ትቀይሩታላችሁ። እጀታው አይነካም። እኔ ለታችኛው 4 ሚሊ ሜትር የናስ ሰሌዳ እጠቀማለሁ።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። ይህ በስሜት የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሒሳብ ነው፤ ደግሞም ቀላል ሒሳብ።

ቢላው ያለ ጉልላት 220 ግራም ይመዝናል እንበል። በጣት ላይ ሲያርፍ ሚዛኑን የሚጠብቀው ከመከታው 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ስለቱ ገባ ብሎ ነው። ጉልላቱ ደግሞ ከመከታው 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀመጣል። 60 ግራም ጉልላት ብትጨምሩ እንዲህ ይሆናል፦ 220 በ3 ሲባዛ 660፣ 60 በ12 ሲባዛ 720። ልዩነቱ 60 ከዜሮ በታች ነው። ለጠቅላላው 280 ሲካፈል የሚዛኑ ቦታ ከመከታው ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ ወደ እጀታው ይገባል። ለመቁረጫ ቢላ ይህ ስለቱን ያደክመዋል፤ እጃችሁ ውስጥ ጭራው የሚመራው ዕቃ ይሆናል። ሚዛኑ ከመከታው 1 ሴንቲ ሜትር ፊት እንዲሆን ከፈለጋችሁ የሚበቃው 34 ግራም ገደማ ነው። 34 ግራም ናስ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላት ኳስ ማለት ነው። ይኸው ነው! ከጥንት ሰይፍ የምታዩት የቡጢ ያህል ጉልላት የተሠራው ለረጅምና ለከባድ ስለት ነው። ለቢላ ስታሳንሱት በዓይን ሳይሆን በሚዛን አሳንሱት።

የማቴሪያሉን ክብደት ማወቅ ይረዳል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ናስ 8.5 ግራም አካባቢ ነው፤ ብረት 7.8፤ አሉሚኒየም 2.7፤ አጥንት 2 ገደማ። ዞጲ ከ1 ትንሽ ያልፋል፤ ብዙዎቹ ጠንካራ እንጨቶች 0.7 አካባቢ ናቸው። ትልቅ ቅርጽ ፈልጋችሁ ክብደቱ ከበዛባችሁ ናሱን ከውስጥ ቦርቡሩት። ወይም ቆቡን ከአጥንት አድርጉና ሰሌዳውን ብቻ ናስ ተዉት።

ሒሳቡን ለማረጋገጥ ብረት ማቅለጥ አያስፈልግም። ጥቂት ዳዶዎችን በእጀታው ጫፍ ላይ በፕላስተር ጠቅልሉና በቢላው ሥሩበት። ከደከማችሁ አንድ ቀንሱ። ሲስማማችሁ ፈታችሁ መዝኑት። የጉልላታችሁ ክብደት እሱ ነው።

ቅርጽን በተመለከተ ለቢላ የሚሆኑትም የማይሆኑትም አሉ። በመካከለኛው አውሮፓ የሃልሽታት ባህል ዘመን የነበሩት ጉልላታቸው እንደ ሁለት ቀንድ ወደ ላይ የሚጠቀለል ጩቤዎች ዓይንን ይይዛሉ። በሥራ ላይ ግን እጅጌ ይይዛሉ፣ የእጅ አንጓም ይወጋሉ። ቀንዶቹን ዝቅ አድርጋችሁ ጫፋቸውን ካላለሰለሳችሁ በቀር ቢላው ለሥራ ከግድግዳ አይወርድም። በጥንቷ የፋርስ ከተማ በፐርሴፖሊስ የድንጋይ ቅርጾች ላይ በሰዎች ቀኝ ዳሌ ተንጠልጥሎ የሚታየው አኪናኬስ የሚባለው አጭር ሰይፍ የተሻለ መነሻ ነው። ከዚህ ዓይነት ሰይፎች ብዙዎቹ ላይ ጉልላቱ አግድም የተቀመጠ ቀላል ዘንግ ነው። ወደ ራስ ለሚጎተት ቢላ ትንሿ ጣት እሱ ላይ ትደገፋለች።

ከሁሉ የምወደው ግን የቻይና የሃን ሥርወ መንግሥት ባለቀለበት ሰይፍ ነው። ስለቱ ባንድ በኩል ብቻ የተሳለ፣ ከጫፉ ላይ ክብ ቀለበት ያለው። ቀለበት ያላቸው የነሐስ ቢላዎች ከዚያም በብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው በቻይና ነበሩ። ቀለበት መሃሉ ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው፤ እጅን ያቆማል፤ ገመድ ይገባበታል፤ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። እጀታውን በገመድ ወይም በቆዳ ጠምጥማችሁ ብትጨርሱት ሪቬት እንኳ አያስፈልግም።

እጅ የሚነካው ቦታ

የሮማውያን ጩቤ፣ ፑጊዮ፣ እጀታው መሃል ላይ ያበጠ ነው። በሥዕል ሲያዩት ጌጥ ይመስላል። ስትጨብጡት ግን እብጠቱ መዳፍ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ቢላው በእጅ ውስጥ አይሽከረከርም። ለሥራ ቢላ ከጥንቱ ዘመን ውሰዱ ብባል የምወስደው ይህን እብጠት ነው። ብቻ በፑጊዮ ላይ እንዳለው ድንገት የሚነሳ ክብ አላደርገውም። ከሁለቱም በኩል ቀስ ብሎ የሚነሳና ቀስ ብሎ የሚወርድ አደርገዋለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍታ ይበቃል።

የግላዲየስ መጨበጫ የጣት ጉድጓዶች አሉት። ብዙዎቹ ከከብት እግር አጥንት የተሠሩ ናቸው፤ አጥንቱ በተፈጥሮው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጭራው በቀላሉ ያልፍበታል። ብልህ ምርጫ ነው። የጣት ጉድጓዶቹን ግን ለቢላ አልመክርም። ሰይፍ የሚጨበጠው ባንድ መንገድ ነው። ቢላ ግን ይገለበጣል፣ ወደፊት ይያዛል፣ በሁለት ጣት ይቆነጠጣል። ጥልቅ ጉድጓድ ለአንድ ሰው እጅ፣ ለአንድ አያያዝ ብቻ ይሆናል። ለሌላው ሰው ጉብታዎቹ ጣት ላይ ይወጣሉ። ካማራችሁ በጣም ዝቅ ያሉ፣ እኩል የተራራቁ አግድም መስመሮችን አድርጉ። መልኩም ይቀራል፣ እጅም አይታሰርም።

የእጀታው ወገብ ክብ መሆን የለበትም። ክብ እጀታ ሲረጥብ ይዞራል፤ ስለቱ ወዴት እንደዞረም እጅ አያውቅም። ሞላላ አድርጉት። ለመካከለኛ እጅ 24 በ32 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ ለባለቤቱ እጅ ማስተካከል ነው። ከሥር በኩል ትንሽ ጠበብ ካደረጋችሁት ጣቶች ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ።

ቅርጹን የምፈትነው ውድ ባልሆነ ለስላሳ እንጨት ነው። መጀመሪያ በካርቶን፣ ከዚያ በፕላስቲሲን (እንደ ጭቃ በእጅ የሚቀረጽ ለስላሳ ነገር)፣ ከዚያ በእንጨት። የእንጨቱን እጀታ ሙሉውን በከሰል እቀባዋለሁ። ከዚያ እጨብጠውና ለግማሽ ሰዓት ያህል የሆነ ነገር እቆርጥበታለሁ፤ ካርቶን፣ ገመድ፣ ያገኘሁትን። ሲያልቅ ከሰሉ የለቀቀበትን ቦታ አያለሁ። ባንድ ነጥብ ላይ ጥርግ ብሎ ከለቀቀ እዚያ ላይ ጫና አለ፤ ነገ ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ነው። ጭራሽ ካልተነካ ደግሞ እጁ አልደረሰበትም። ሞረድ አንስቼ አስተካክላለሁ፣ እንደገና እቀባለሁ። ከሰሉ በሰፊው ቀለል ብሎ ሲለቅ ቅርጹ ደርሷል። የምሠራለትን ሰው ካገኘሁት ይህን ፈተና እሱ እንዲያደርገው አደርጋለሁ። የሚሠራው ያው እጁ እስኪጠቁር ድረስ እየሳቀ ነው።

ጌጥ የት ይቀመጥ?

በ1939 እንግሊዝ ውስጥ በሰተን ሁ ከተገኘው የመርከብ መቃብር አንድ ሰይፍ ወጥቷል። ጉልላቱ ወርቅ ነው፤ በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በቀይ የጋርኔት ድንጋይ ተሞልቷል። በዚህ ዓይነት ሥራ ከድንጋዩ ሥር መስመር የታተመበት ስስ የወርቅ ወረቀት ይነጠፋል፤ ብርሃን ሲገባ ከሥር ተመልሶ ድንጋዩን ያበራዋል። ይህን ዘዴ በትንሽ ወጪ መሞከር ይቻላል። ስስ የናስ ወረቀት ላይ በመርፌ ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮችን ጫሩ፤ በተቦረቦረው ቦታ ውስጥ አንጥፉት፤ ከላይ ቀይ ቀለም የገባበት ግልጽ ሬዚን አፍስሱ። ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀት መቱትና አወልውሉት።

ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ሀብት የተቀመጠው እጅ በማይጨብጠው ቦታ ነው። በኢራን ሉሪስታን የተገኙት ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩት የብረት ሰይፎችም ጢማም የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ጉልላቱ ላይ ነው። እጅ የሚጨብጠው ቦታ ላይ የሚደረግ ከፍ ያለ ጌጥ ወይ እጅን ይቧጭራል፣ ወይ በእጅ ይጠፋል፣ ወይ ቆሻሻ ይሰበስባል። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፤ አንድ ቢላ፣ አንድ ጌጥ፣ እሱም ጉልላቱ ላይ ወይም በመከታው ጎን።

ስለ ትዕግሥት ከተነሳ በ1808 ስቶንሄንጅ አቅራቢያ ቡሽ ባሮው ከሚባል ጉብታ የወጣው ጩቤ አለ። የእንጨት እጀታው እጅግ በቀጠኑ የወርቅ ሚስማሮች ያጌጠ ነበር፤ ብዛታቸው እስከ 140,000 ይገመታል። አንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ ከ1,000 በላይ። እሱን እንኳ አልመክራችሁም። ዓይናችሁን ትፈልጉታላችሁ።

ማቴሪያልና አሠራር

እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር በ1922 ባገኘው የግብጹ ፈርዖን የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ከአስከሬኑ ጋር የተጠቀለለ ጩቤ ነበር። ስለቱ ብረት፣ እጀታው ወርቅ፣ ጉልላቱ ከድንጋይ ክሪስታል ነው። በ2016 የወጣ ጥናት ብረቱ 11 በመቶ ገደማ ኒኬል እንዳለውና ከሰማይ ከወደቀ ድንጋይ እንደመጣ አሳይቷል። እኔን የሳበኝ ግን የቀለሞቹ አደራደር ነው። ወርቅ፣ ጥቁር ብረት፣ ውሃ የመሰለ ክሪስታል፤ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። እኔም በአንድ እጀታ ላይ ከሦስት ማቴሪያል በላይ አላስገባም። የጠቆረ እንጨት፣ ናስ፣ ነጭ አጥንት ተስማምተው ይኖራሉ።

የዝሆን ጥርስ በጥንት እጀታዎች ላይ በብዛት አለ። ዛሬ ግን ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው በ1989 የተወሰነ ነው። አጥንት በሚገባ ከተጸዳና ከተወለወለ ከሩቅ ልዩነቱ አይታይም። የአጥንት አቧራ ግን ሳንባ ላይ ክፉ ነው። የዞጲና የሌሎች ጥቁር እንጨቶች አቧራም ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ደረት ይይዛል። የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ ማጣሪያ ያለው ይሁን። አጥንትን በውሃ እያራሳችሁ ሞርዱት፤ አቧራው ይቀንሳል፣ ሽታውም አይገድላችሁም።

የጭራውን ጫፍ መቀጥቀጥ ብዙዎች የሚፈሩት ደረጃ ነው። ከጉልላቱ በላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይትረፍ። ጫፉ መለስለስ አለበት፤ የጠነከረ ብረት ስትመቱት ይሰነጠቃል። ማለስለሻው እሳት ነው፤ ግን ገና ምንም ሳይገጠም፣ ጭራው ራቁቱን እያለ አድርጉት። ስለቱን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉት። ብዙ ስለት ከጠነከረ በኋላ እንዳይሰባበር ተመልሶ የሚሞቀው ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ስለሆነ ከዚያ ካለፈ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው። ስትገጥሙ ደግሞ የጉልላቱን ቀዳዳ አፍ ትንሽ አስፉት፤ የሚደፈጠጠው ብረት የሚሞላው እሱን ነው። ከዚያ በትንሽ ክብ ራስ መዶሻ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ዙሪያውን። በኃይል አትምቱ፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስለቱን ሞርሳ ላይ ስታስሩት በእንጨት ቁራጭ መሃል ይሁን፤ ጫፉንም ሸፍኑት። ይህን ካልፈለጋችሁ የጭራውን ጫፍ ጥርስ አውጡለትና ጉልላቱን እንደ ብሎን አጥብቁት። ማፈር አያስፈልግም፤ ለጥገናም ይመቻል።

ክፍሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ስስ ኤፖክሲ አድርጉ። የጥንቶቹ አላደረጉትም፤ እናንተ ግን አላችሁ። ናስና ብረት በተገናኙበት ስንጥቅ እርጥበት ከገባ ብረቱ ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ አይታይም። እንጨቱን በተልባ ዘይት ቀቡት። ዘይቱ ያለበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩት፤ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

እጀታውን ከመዝጋታችሁ በፊት ጭራው ላይ ምልክታችሁንና ዓመተ ምሕረቱን ምቱ። በተለይ የአንድን ጥንታዊ ዕቃ ቅርጽ አስጠግታችሁ ከሠራችሁ ይህን አትዝለሉ። ናስ ይጠቁራል፣ አጥንት ይቢጫል። ቢላው እጅ በቀየረ ቁጥር "ከመቃብር የወጣ ነው" የሚል አሻሻጭ አይጠፋም። ሁለት ጎን ስለት ያለው ጩቤ መሥራትም ሆነ ይዞ መንቀሳቀስ በብዙ አገር የራሱ ሕግ ስላለው፣ ትእዛዝ ከመቀበላችሁ በፊት ያላችሁበትን አገር ደንብ አይታችሁ ጀምሩ።